ወላጅ አልባ ልጆችን ከቤታቸው ሳያወጡ እንዴት መደገፍ ይቻላል? ጎጃም ገጠር ላይ ለምትጀምሩ

ጥያቄው ሁሌ አንድ ነው። ለበዓል ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ የገባ ሰው ቡና ሊጋብዘኝ ይቀመጥና፣ "እኛ ቀበሌ እናት አባት የሌላቸው ልጆች አሉ። ከጓደኞቼ ጋር ሆነን ልንረዳ ነው። ከየት እንጀምር?" ይለኛል። ከውጭ የሚደውሉትም ያንኑ ነው የሚጠይቁኝ። ደጋግሜ ማውራቱ ሰልችቶኛል፤ ይኸው ጻፍኩት።

መመሪያው ለትንሽ ቡድን ነው። ከ8 እስከ 15 ሰው ሆናችሁ፣ አንድ ቀበሌ ውስጥ፣ ከ10 ያልበለጡ ልጆችን ለምትይዙ። ማሳደጊያ ስለመክፈት እዚህ ምንም አታገኙም። ልጁ ከአያቱ ወይም ከአክስቱ ጋር እንዳለ፣ ያን ቤት ስለመደገፍ ነው የምናወራው። ከቤቱ የወጣ ልጅ ከዘመዱም ከአባቱ መሬትም ይቆረጣል፤ 18 ዓመት ሲሞላው የሚመለስበት ደጃፍ ያጣል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ጠንካራ ሽፋን ያላቸው ሁለት መዝገቦች፤ አንዱ ለልጆቹ፣ አንዱ ለገንዘቡ። አትቀላቅሏቸው፤ የገንዘቡን መዝገብ ሁሉም አባል ያየዋል፣ የልጆቹን ግን ሁለት ሰው ብቻ።
- ባለ ካርቦን የደረሰኝ ጥራዝ
- በሦስት ሰው ስም የተከፈተ የባንክ ሂሳብ፤ ሁለቱ ካልፈረሙ ብር የማይወጣበት
- ቁልፍ ያለው ሳጥን
- የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ካርቶንና እስክሪብቶ (ለምን እንደሆነ ደረጃ 7 ላይ ታገኙታላችሁ)
- ከቀበሌው የትብብር ደብዳቤ
- የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ስልክ ቁጥር
- የ3 ወር ወጪ በቅድሚያ የተቀመጠ

የመጨረሻውን ካላሟላችሁ አትጀምሩ። መንገድ ይዘጋል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ባንክ ይዘጋል፤ አባል መዋጮ ያዘገያል። ልጁ ግን በዚያ ወርም ይበላል።

ደረጃ 1፦ የልጆቹን ቁጥር ከወር መዋጮ አስሉ

12 ሰው በወር 500 ብር ቢያዋጣ 6,000 ብር ነው። ከዚያ ላይ 1,000ውን ለድንገተኛ ሕመም አንሱ። የቀረው 5,000 ነው። ለአምስት ልጅ ብታካፍሉት ለአንዱ 1,000 ይደርሳል። በዚህ ሂሳብ ሃያ ልጅ መያዝ ማለት ለማንም ምንም አለመስጠት ነው።

ለበዓል የተገኘ አንድ ትልቅ ስጦታ የልጅ ቁጥር መጨመሪያ አይደለም። ምክንያቱም እናንተ ስትገቡ ሌላው ይወጣል። ጎረቤቱ "እነሱ ይዘዋቸዋል" ብሎ እጁን ይሰበስባል፣ በወር አንዴ ቁና እህል ይልክ የነበረው አጎት ይተዋል። በአራተኛው ወር ብታቋርጡ ቤቱን ካገኛችሁት በታች አውርዳችሁት ነው የምትሄዱት።

ደረጃ 2፦ ወረቀት ላይ ተቋቋሙ

በመጀመሪያው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ያዙ፤ ሰብሳቢ፣ ገንዘብ ያዥና ሂሳብ ተቆጣጣሪ ምረጡ። ገንዘብ ያዡና ተቆጣጣሪው ወንድማማች ወይም ባልና ሚስት አይሁኑ።

ቀድሞ ያለ ዕድር፣ የጽዋ ማኅበር ወይም ሰንበቴ ካላችሁ በሱ ሥር ብትሆኑ ይቀላል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ዕድርንና ዕቁብን አይመለከትም፤ እርስ በርስ አዋጥቶ ጎረቤት ለመርዳት ድርጅት መሆን አይጠበቅባችሁም። ከሕዝብ ገንዘብ መሰብሰብ ወይም ከውጭ ድርጅት ድጋፍ መቀበል ካሰባችሁ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ አንድ ብር ከመሰብሰባችሁ በፊት ወረዳው ጋ ሄዳችሁ ስለ ምዝገባ ጠይቁ።

ደረጃ 3፦ ስም ከሦስት ቦታ አምጡ

አንዱን ዝርዝር ከቀበሌው፣ ሁለተኛውን ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ፣ ሦስተኛውን ከትምህርት ቤቱ ወይም ከቄሱና ከሼኩ ውሰዱ። ሦስቱንም አስተያዩ። ሦስቱም ላይ ያለ ስም አያጠያይቅም። አንዱ ላይ ብቻ ያለው ስም ቤቱ ድረስ ያስኬዳችኋል፤ ወይ የሰው ዘመድ ነው፣ ወይ ሁሉም የረሳው ልጅ ነው።

የሚረሱት ሁልጊዜ ያው ናቸው። ለእረኝነት የተቀጠረ ልጅ የትኛውም ቤት ውስጥ አይቆጠርም። የቆሎ ተማሪም እንደዚሁ፤ አኮፋዳውን ይዞ ዲማ ወይም ዋሸራ የወረደ ወላጅ አልባ ልጅ በቀበሌው "የለም"፣ በደረሰበት አገር ደግሞ "እንግዳ" ነው። በስም ጠይቁ፦ "ከዚህ ጎጥ ለትምህርት ወይም ለሥራ የወጣ ልጅ አለ?"

ከዚያ ቤቱን ሂዱና እዩ፤ ወደ ማታ ቢሆን ይመረጣል። ቀን ላይ ሁሉም ቤት ባዶ ነው፤ ማታ ግን ምድጃው ይናገራል። እሳት አለ? ምን ተጥዷል? ልጆቹ የሚተኙት ምን ላይ ነው? ጎታ ክፈቱ አትበሉ፤ ያሳፍራል።

*ማስጠንቀቂያ፦* "አባትህ በምን ሞተ?" የሚል ጥያቄ ልጁ ባለበት አይጠየቅም። ለድጋፉም አያስፈልጋችሁም። የሚያስፈልጋችሁ ልጁ ዛሬ የሚጎድለው ነገር ነው።

ደረጃ 4፦ ልጁን ብቻ ሳይሆን ቤቱን መዝግቡ

አንዲት አያት ሁለት ወላጅ አልባ የልጅ ልጆችና ሁለት ሌሎች ልጆች ካሏት፣ እናንተ የያዛችሁት አራት ልጅ ነው። ለሁለቱ ጫማ ገዝታችሁ ሁለቱን ብትተዉ ማታ ቤቱ ውስጥ የሚሆነውን መገመት አያቅትም። እህሉም እንደሆነ ከአንድ ድስት ነው የሚበላው።

ስለዚህ በደረጃ 1 "አምስት ልጅ" ያላችሁት ምናልባት ሁለት ቤት ነው። ቅር አይበላችሁ።

ደረጃ 5፦ ወረቀታቸውን አስጨርሱ

ሰው የሚዘለው ይህን ነው። አይታይም፣ ፎቶ አይነሳም፣ ወረዳ ያመላልሳል። እኔን ብትጠይቁኝ ግን አንድ ዓመት ሙሉ ሌላ ምንም ሳታደርጉ ይህን ብቻ ብትጨርሱ ለልጁ ትልቅ ነገር ሠርታችኋል።

በቅደም ተከተል፦

ሀ) የሟች ወላጆች የሞት ምስክር ወረቀት፣ የልጁ የልደት ምስክር ወረቀት። ሁለቱም ከቀበሌው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ይወጣሉ። የሞቱ ወረቀት ከሌለ የሚቀጥለው ሁሉ አይንቀሳቀስም።

ለ) አሳዳሪና ሞግዚት። ሕጉ ሁለቱን ይለያቸዋል። አሳዳሪ የልጁን ደኅንነት፣ ጤናና ትምህርት ይጠብቃል፤ ሞግዚት ንብረቱን ያስተዳድራል። አንድ ሰው ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። የሚያጸናው የወረዳ ፍርድ ቤት ነው። አያትየው ልጁን አቅፋ ስላሳደገች ብቻ በስሙ ባንክ ሄዳ ወይም መሬት ጽሕፈት ቤት ቀርባ መፈረም አትችልም፤ ለዚህ ነው የፍርድ ቤቱ ወረቀት የሚያስፈልጋት።

ሐ) የወራሽነት ማረጋገጫ፣ ከዚያም መሬቱ። አባት ሁለት ቃዳ መሬት ትቶ ከሞተ አረንጓዴው የይዞታ ደብተር የት እንዳለ ጠይቁ። "አጎቱ ጋ ነው" ከተባላችሁ በዚያው ሳምንት ሥራ ጀምሩ። አጎቱ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ መሬቱን ጦም ላለማሳደር ብሎ የያዘ ሰው ነው። ግን አምስት ዓመት ያረሰ ሰው መሬቱን የራሱ አድርጎ ማየት ይጀምራል፤ ልጁ ደግሞ ድንበሩን እንኳ ሳያውቅ ያድጋል። ወረዳው የገጠር መሬት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ይዞታው ወደ ልጆቹ ስም እንዲዞር ሞግዚቱን አግዙ። ልጁ ደርሶ ከሆነ ድንበሩን በእግሩ ዞሮ ይየው።

መ) መሬቱን ሌላ ሰው የሚያርሰው ከሆነ የእኩሉ ውል በጽሑፍ፣ በምስክር፣ ለአንድ የምርት ዘመን ብቻ ይሁን። አውድማ ላይ ስትካፈሉ ከቡድናችሁ አንድ ሰው ይገኝ። አጎቱንም አታርቁት፤ መጀመሪያ ለሱ ዕድል ስጡት። በሽማግሌ ፊት ውል የፈረመ አጎት ከማንም የተሻለ ጠባቂ ሊሆን ይችላል።

*ማስጠንቀቂያ፦* ዋናውን ሰነድ እናንተ ጋ አታስቀምጡ። ፎቶ ኮፒውን በሳጥናችሁ፣ ዋናውን በአያትየው ሳጥን። አንዱ ቤት ቢቃጠል ሌላው ይተርፋል።

ደረጃ 6፦ ጤና፤ መጀመሪያ ነፃ የሆነውን ተጠቀሙ

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታወቂያ ቤቱ ውስጥ አለ? ከሌለ፣ መክፈል ለማይችሉ ድሃ ቤተሰቦች መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራር አለ፤ ስሙን የሚያቀርበው ቀበሌው ነው። ምዝገባና እድሳት በየዓመቱ ስለሆነ ጊዜው እንዳያልፍባችሁ ከጤና ኬላው ጋር ተነጋገሩ። መድኑ የሚሠራው ከጤና ጣቢያ ተነስቶ በሪፈር ነው፤ በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ ከኪሱ ይከፍላል። ይህን ለአያትየው ሁለት ጊዜ ንገሯት።

የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምናም ነፃ ነው። ስለዚህ "ለመድኃኒት" ብላችሁ ገንዘብ አትሰብስቡ። ልጁን ከመድኃኒቱ የሚያርቀው የትራንስፖርት ብር፣ በባዶ ሆድ መዋጥና ሐሜት ነው። እናንተ የቀጠሮውን ቀን በመዝገባችሁ ያዙ፣ ከቀኑ ሁለት ቀን ቀድማችሁ የመሳፈሪያውን ስጡ። የነቀርሳ መድኃኒት ብዙውን ጊዜ 6 ወር ነው፤ በሁለተኛው ወር ልጁ ሲሻለው ቤተሰቡ የሚዘናጋበት ሰዓት ነው፣ ያኔ ጉብኝት ጨምሩ።

ጠበል ቤት የሚሄዱ ካሉ አትከራከሩ። መድኃኒቱን ግን ይዘው ይሂዱ። መድኃኒቱንና ጠበሉን አንድ ላይ መውሰድ እንደሚቻል አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ በነበሩ ጊዜ በአደባባይ ተናግረዋል፤ የንስሐ አባታቸው ቢነግሯቸው ከእናንተ በላይ ይሰማሉ።

*ማስጠንቀቂያ፦* ቫይረሱ በደሙ እንዳለ ለልጁ የምትነግሩት እናንተ አይደላችሁም። መቼና እንዴት እንደሚነገር አሳዳሪውና የጤና ባለሙያው ይወስናሉ። በመዝገባችሁም "ኤች አይ ቪ" ብላችሁ አትጻፉ፤ "ቀጠሮ አለው" ይበቃል።

ዕድሜያቸው ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት የሆኑ ካሉ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ክንዳቸውን ትለካ። ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ ጉዳዩ የእህል አይደለም፤ የሕክምና ነው፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ።

ደረጃ 7፦ ጫማ፣ ዩኒፎርም፣ ደብተር

ጫማን ከልብስ ጋር ደምራችሁ አትዩት። በጎጃም ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ ዝሆኔ ያመጣል። የአፈሩ ረቂቅ ብናኝ በቆዳ ገብቶ እግርን ያሳብጣል። በደብረ ኤልያስና በደምበጫ በኩል የሄደ ሰው አይቶታል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ይከላከለዋል። ለዚህ ነው እኛ ጫማን ከመድኃኒት ጋር የምንመድበው።

በመጀመሪያው ዓመት 14 ጥንድ ሸራ ጫማ ሁሉንም 36 ቁጥር ገዛሁ፤ በጅምላ ይረክሳል ብዬ። አንዲት ልጅ አድርጋ ቆመች። "ልክሽ ነው?" አልኳት። "ልኬ ነው።" ጣቶቿ ውስጥ ታጥፈው ነበር፤ አይደለም ካለች የምወስድባት መስሏታል። ከዚያ ወዲህ ሱቅ ከመሄዴ በፊት ልጁን ካርቶን ላይ አቆመዋለሁ፣ እግሩን በእስክሪብቶ አዞራለሁ፣ የአውራ ጣት ስፋት እጨምራለሁ፣ ስሙን ጽፌ ካርቶኑን ቆርጬ እወስዳለሁ። ሱቅ ውስጥ ካርቶኑ ጫማው ውስጥ ሳይታጠፍ መግባት አለበት።

ሁለት ጥንድ ግዙ፤ አንዱ ኮንጎ፣ አንዱ ሸራ። አንድ ብቻ ከሆነ ልጁ እንዳያልቅበት በእጁ ይዞት በባዶ እግሩ ይሄዳል፤ ትምህርት ቤት በር ላይ ሲደርስ ያደርገዋል።

ዩኒፎርም እዚያው ገበያ ላይ ለሚሰፋ ልብስ ሰፊ ስጡ፤ የእጁና የሱሪው ጫፍ ሰፋ ተደርጎ ይታጠፍ፣ በዓመቱ ይፈታል። ሁሉም ነገር ነሐሴ ውስጥ ያልቅ። መስከረም ሲገባ ዋጋው ይወጣል፣ ሰፊውም አይገኝም።

እቃውን ቤት አድርሱ እንጂ ሰልፍ ላይ አታድሉ። እኛ አንድ ጊዜ ሰንደቅ ዓላማ ሥር ስም እየጠራን አደልን፤ ጭብጨባ ነበር። አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ ሁለት ሳምንት ከትምህርት ቀረ። ክፍል ውስጥ "የሙት ልጅ" የሚል ስም ወጥቶለት ነበር።

ደረጃ 8፦ እህል

እህል በጥርና በየካቲት ግዙ። አዝመራው የገባበት ጊዜ ስለሆነ ይረክሳል። አከፋፈሉ ግን ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነው፤ ጎታ የሚራቆተው ያኔ ነው።

ለመጠኑ የሴፍቲኔቱን ስሌት ውሰዱ፦ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህልና 4 ኪሎ ጥራጥሬ። አምስት ሰው ላለበት ቤት ለአራት ወር 300 ኪሎ፣ ማለትም ሦስት ኩንታል እህል ይሆናል። በየወሩ ስጡ። ሦስቱን ኩንታል በአንድ ቀን ያወረደ ሰው ዘመድ ሁሉ ሲበደርበት ያያል፤ አያትየው እንቢ ማለት አትችልም።

የወፍጮ ብር አትርሱ። እህል ኖሮ የማስፈጫ ጠፍቶ ልጆች ቆሎ በልተው ያደሩበትን ቤት አውቃለሁ። ጨው፣ ዘይትና ሳሙናም እንደዚሁ።

ጤፍ አይነቅዝም፤ ለማቆየት ይመቻል። በቆሎ ይነቅዛል፤ በደንብ ደርቆ አየር በማያስገባ ድርብ ከረጢት ይቀመጥ።

*ማስጠንቀቂያ፦* የነቀዝ ክኒን ሰው በሚተኛበት ቤት በፍጹም አይደረግም። የሚያወጣው ጋዝ ይገድላል። ከገበያ የገዛችሁት በቆሎ ውስጥ ክኒን ወይም ዱቄቱ ካለ አታከፋፍሉት።

ደረጃ 9፦ ጉብኝት

በወር አንዴ፣ ሁለት ሆናችሁ፣ ቢቻል አንዷ ሴት ሆና። ልጅን ብቻውን ይዞ የሚሄድ፣ የሚያሳድር ወይም ለብቻው የሚያነጋግር አባል አይኑር። ይህ ደንብ ሰብሳቢውንም ይመለከታል።

የታኅሣሡን ጉብኝት አትዝለሉ። የሠርግ ወቅት ጥር ነው፤ ጥሎሽ የሚነጋገሩት ከዚያ በፊት ነው። ወላጅ የሌላት ልጅ "አንድ አፍ ይቀንሳል" ተብላ ቶሎ ትታጫለች። የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው። ምልክቱ፦ ድንገት ከትምህርት መቅረት፣ አዲስ ቀሚስ፣ ቤቱ ውስጥ ሽማግሌ መመላለስ። ካያችሁ ለርዕሰ መምህሩና ለወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት በዚያው ቀን ንገሩ። አያትየውን አትክሰሷት፤ እየፈራች ነው። "ትምህርቷን እስክትጨርስ አለን" የሚል ቃል ከቡድኑ ከሰማች ብዙ ጊዜ ትመለሳለች።

የወንዶቹ አደጋ ሰኔ ላይ ነው። ትምህርት ሲዘጋ "አዲስ አበባ ሥራ አስገባዋለሁ" የሚል ሰው ይመጣል።

በብዛት የማያቸው ስህተቶች

- *የልጁን ፊት "ወላጅ አልባ" ብሎ መለጠፍ።* ለጋሽ የደረሰኝ ፎቶ ይበቃዋል። የልጁ ፎቶ ግን ሲያድግም ይከተለዋል።
- *ለጋሽንና ልጅን በስልክ ማገናኘት።* አንዱ ለጋሽ ስልክ ሲልክ ሌላው ምንም አይልክም፤ ልጆቹ ይነጻጸራሉ። ሁሉም በጋራ ሂሳብ ይግባ።
- *በግ ገዝቶ መሄድ።* የርቢ በግ ጥሩ ነገር ነው፤ መኖና ጠባቂ ካለ። ጠባቂው ራሱ ልጁ ከሆነ ከትምህርት አስቀራችሁት ማለት ነው።
- *ያገለገለ ልብስ ማራገፍ።* የተቀደደ ልብስ ከከተማ አትላኩ። ለልጃችሁ የማታለብሱትን ለነሱም አታልብሱ።
- *የማብቂያ ቀን አለመናገር።* እስከ ስንተኛ ክፍል እንደምትዘልቁ ገና ስትጀምሩ ለአሳዳሪውም ለልጁም ንገሩ፤ ስትወጡም ከስድስት ወር በፊት አስታውቁ።
- *በገበያ ቀን መሄድ።* አያትየው ጌሾ ልትሸጥ ወጥታለች፤ ቤት የምታገኙት ውሻውን ነው። የቀበሌውን የገበያ ቀን አስቀድማችሁ ጠይቁ።